ከማንኪራ ደን እስከ ጊቤ 3 ሐይቅ፦ በኦሞ-ጊቤ ተፋሰስ የሕዝብ ደንና ውሃ ለመዝናኛ ሲውል

የኦሞ-ጊቤ ተፋሰስ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና ተፋሰሶች አንዱ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 79 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጅማ፣ ከካፋ፣ ከጉራጌ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከዳውሮ ከፍታዎች የሚወርዱትን ወንዞች ሰብስቦ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ተፋሰሱ ለብዙ ዘመን የሚታወቀው በቡናው፣ በእንሰቱ፣ በማሩና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በኃይል ማመንጫ ግድቦቹ ነበር። አሁን ለእግር ጉዞ፣ ለወፍ ምልከታ፣ ለጀልባ ሽርሽር፣ ለዓሣ ማስገርና ለዱር እንስሳት ጉብኝት የሚመርጡት ሰዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ለዚህ አገልግሎት የሚውለው መሬትና ውሃ በአብዛኛው የሕዝብ ሀብት ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ በካፋ ዞን ማንኪራ አካባቢ ካለው የቡና ደን ተነሥቶ፣ ውሃው እስከሚጠራቀምባቸው ግድቦች ድረስ ያሉት የመዝናኛ ሥፍራዎች እንዴት እንደሚተዳደሩ፣ ማን ምን እንደሚጠብቅባቸውና ጎብኚው ምን ማወቅ እንዳለበት ያብራራል።

የሕዝብ ሀብት ማለት

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የሀገሪቱ ውሃ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ተነሥቶ “የሕዝብ ከሆነ ማንም እንደፈለገ ይገባበታል” የሚል አረዳድ በአንዳንድ ጎብኚዎች ዘንድ ይታያል። አረዳዱ ትክክል አይደለም። የሕዝብ ሀብት ጠባቂ የሌለው ሀብት አይደለም፤ እንዲያውም በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ጠባቂ ሊኖረው ይችላል። ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ጊቤ 3 ሐይቅ የሚወርድ ሰው በጉዞው ውስጥ የባዮስፌር ሪዘርቭ ክልልን፣ በስምምነት ለአካባቢው ማኅበረሰብ የተሰጠ ደንን፣ የአርሶ አደር ይዞታን፣ የወል የግጦሽ መሬትን፣ ብሔራዊ ፓርክን፣ በመጨረሻም የኃይል ማመንጫ ግድብ የጥበቃ ክልልን ሊያቋርጥ ይችላል። ዓይን ለእነዚህ ሁሉ አንድ አረንጓዴ መልክ ይሰጣቸዋል፤ ሥርዓታቸው ግን የተለያየ ነው።

ስለ ውሃ አንድ ተጨማሪ ነጥብ መታወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል። በምንጭ አጠገብ ድንኳን የሚተክል፣ በጅረት ውስጥ ተሽከርካሪ የሚያጥብ ወይም በሳሙና የሚታጠብ ጎብኚ የሚነካው ከእሱ በታች ያሉ እናቶች በእንስራና በጄሪካን የሚቀዱትን ውሃ ነው። በካፋ ገጠር ብዙ ቤተሰብ ዛሬም የሚጠጣው ከምንጭና ከጅረት ነው።

የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭና ማንኪራ

የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2002 ዓ.ም ከያዩ ጋር በአንድ ጊዜ ተመዘገበ። በኢትዮጵያ በዚህ መዝገብ ላይ ለመስፈር የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሸካ፣ ጣናና ማጃንግ ኋላ ተከትለዋቸዋል። በምዝገባው ሰነድ መሠረት የካፋው ሪዘርቭ ከ540 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ ጥብቅ ቀጠናው 41 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ በዙሪያው ያለው የከለላ ቀጠና 161 ሺህ ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ቀሪው ሰፊ ክፍል ሕዝቡ የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና ከተሞች የሚገኙበት የሽግግር ቀጠና ነው።

ቀጠናዎቹ የተለዩበት ምክንያት ለጎብኚ በቀጥታ ይጠቅማል። ጥብቅ ቀጠናው ለጥበቃ፣ ለምርምርና ለትምህርት የተተወ ነው። በከለላ ቀጠናው ከደኑ ጋር የሚስማማ አጠቃቀም፣ ማለትም የደን ቡና መልቀም፣ ማር መቁረጥ፣ ኮረሪማና ጥምዝ መሰብሰብ፣ እንዲሁም በሥርዓት የሚካሄድ ጉብኝት ይፈቀዳል። ማደሪያ ቤት፣ ምግብ ቤትና የመኪና ማቆሚያ የመሳሰሉት የሚገነቡት በሽግግር ቀጠናው ነው። በካርታ ላይ በቀለም የተለየው ወሰን በደኑ ውስጥ በአጥር አይታይም። በመሆኑም መንገደኛው የሚሄድበት መስመር በየትኛው ቀጠና እንደሚያልፍ አስቀድሞ በቦንጋ ከሚመለከታቸው የዞን መሥሪያ ቤቶች ወይም ከአካባቢው አስጎብኚ መጠየቅ ይኖርበታል።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም በዚችው ከተማ ይገኛል። ማንኪራ ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ በዴቻ ወረዳ ውስጥ የሚገኝ ቀበሌና ደን ነው። በካፋ ሕዝብ ዘንድ የሚነገረው ትውፊት የቡናን መገኛ ከዚህ ደን ጋር ያያይዘዋል፤ “እናት ቡና” የሚባለውን ያረጀ የቡና ዛፍ ለማየት ብዙዎች ወደዚያ ይሄዳሉ። ትውፊቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የዓረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልባቸው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ደኖች የዝርያው መገኛ መሆናቸውን ተመራማሪዎችም የተቀበሉት ነው።

የማንኪራ ደን ለእንግዳ ዓይን ዱር ይመስላል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀጫጭን የቡና ግንዶች ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዘው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ኮረሪማ ይበቅላል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል። ነገር ግን ራቅ ብሎ ከዛፉ ጫፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ያስተዋለ ሰው ቦታው ባለቤት የሌለው ዱር አለመሆኑን ይረዳል። በካፋ “ኮቦ” የሚባለው ነባር ሥርዓት የደኑን ክፍል ለቤተሰብና ለጎሣ ለይቶ፣ ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍና ቡና የሚለቀምበትን ሥፍራ ማን እንደሚጠቀምበት ይወስን ነበር። የመንግሥት ሥርዓት ሲለዋወጥ ኮቦ በሕግ ፊት የነበረው ቦታ ቢዳከምም በሰዉ ልብ ውስጥ ያለው ወሰን ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ ደን ያስጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ በኢትዮጵያ ከታዩት ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ሲሆን፣ ለደን ተጠቃሚ ማኅበራት የመጠበቅ ግዴታን ከመጠቀም መብት ጋር በስምምነት አስሮ ሰጥቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን ከደን ይዞታ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ እውቅና ሰጥቶታል።

ይህ ማብራሪያ ለመዝናኛ የሄደን ሰው የማይመለከት ሊመስል ይችላል፤ ይመለከተዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ለሚመጣ እንግዳ ቀይ ፍሬ ቀጥፎ መቅመስ ወይም በኪስ መያዝ ትንሽ ነገር ነው። ለለቃሚው ግን የዓመት ገቢው ነው፤ ያውም ከጓሮ ቡና ይልቅ ምርቱ አነስተኛ ከሆነ የደን ዛፍ የሚገኝ። በቀፎ አቅራቢያ እሳት ማንደድ፣ ለፎቶግራፍ ሲባል ቅርንጫፍ መስበር፣ ጫካውን እያቋረጡ አዲስ መንገድ ማውጣትም እንደዚሁ ናቸው። በደኑ ውስጥ ለእምነት ሥርዓት ተጠብቀው የኖሩ የዛፍ ሥፍራዎችም አሉ፤ ወደነዚህ የሚገባው በአካባቢው ሽማግሌዎች ፈቃድ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ችግኝና ዘር ስለመውሰድ ነው። ከማንኪራ የቡና ችግኝ ወይም ፍሬ ለማስታወሻ ይዞ መውጣት በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም፣ የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘትና የማኅበረሰብ እውቀትንና መብትን በሚመለከት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድና ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የዱር ቡና በውስጡ የያዘው የዘር ብዝኃነት በሽታንና ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የሚገኙበት መጠባበቂያ በመሆኑ፣ ክልከላው የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የተቆላ ቡና፣ የታሸገ ማርና የደረቀ ኮረሪማ ከማኅበራትና ከቦንጋ ገበያ እንደልብ ይገኛል፤ ስጦታ ለሚፈልግ ይኸው ይበቃል።

በአካባቢው አስጎብኚ መመራት በማንኪራ የሚመከረው ለመንገዱ ብቻ አይደለም። አስጎብኚው የማን የቡና ሥፍራ የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቃል፤ በእንግዳና በባለመብት መካከል የሚነሣን አለመግባባት ከሥሩ ያስቀራል። ክፍያውም ደኑ ሳይቆረጥ ገቢ እንደሚያስገኝ ለወጣቱ ከሚያሳዩት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በዚህ ረገድ ያልተሟላ ነገር አለ። ኑሯቸው ከሌላው ሁሉ ይልቅ በደኑ ላይ የተመሠረተውና ለረጅም ዘመን በማኅበራዊ መገለል የኖሩት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት፣ ስለ ደኑ ያላቸው እውቀት ከማንም የማያንስ ሆኖ ሳለ በአስጎብኚነትና በመስተንግዶ ሥራ ቦታ እንዲያገኙ በዕቅድ መሥራት ያስፈልጋል። አስጎብኚ የሚመድቡ ማኅበራትና የጉዞ ድርጅቶች ይህን ከምር ሊይዙት ይገባል።

ካፋ በዓመቱ አብዛኛው ወር ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ የተሻለ ሲሆን፣ በክረምት ወደ ማንኪራ የሚወስደው የገጠር መንገድ ለትንሽ ተሽከርካሪ አይመችም። እግር ላይ የሚወጣ አልቅት የተለመደ ነው፤ ረጅም ካልሲ ይረዳል።

በቦንጋ ዙሪያ ከደኑ ሌላ ረግረግ መሬቶች፣ ፏፏቴዎችና ፍል ውሃዎች ይጎበኛሉ። ከረግረጎቹ መካከል አለምጎኖ ዘውድ የመሰለ ላባ በራሱ ላይ ባለው ረጅም ወፍና በሌሎች የውሃ ዳር አእዋፍ ይታወቃል። ረግረግ ለከብት ግጦሽም የሚያገለግል የወል መሬት ስለሆነ ተሽከርካሪ ይዞ መግባት ሣሩንም የወፎቹንም ጎጆ ያጠፋል።

ውሃው ወዴት ይሄዳል

ከቦንጋ አካባቢ ደኖች የሚመነጩት ወንዞች፣ የጎጀብን መስመር የያዙትም ሆኑ በስተደቡብ በራሳቸው መንገድ የሚወርዱት፣ ማብቂያቸው ኦሞ ነው። በካፋ በስተምዕራብ የሚገኘው ክፍል ብቻ ወደ ባሮ-አኮቦ ተፋሰስ ያዘነብላል። ጎጀብ ከኦሞ ታላላቅ ገባሮች አንዱ ሲሆን፣ ከዋናው ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከጊቤ 3 ግድብ በላይ ነው። በሌላ አነጋገር ሰዎች በጀልባ የሚዝናኑበት የጊቤ 3 ሐይቅ ውሃ በከፊል በካፋ ዛፎች ሥር ያለፈ ውሃ ነው።

የደኑ ሥራ ሁለት ወገን አለው። በዛፍ ቅጠልና በወደቀ ብስባሽ ላይ የሚያርፈው ዝናብ በኃይል አፈሩን አይመታም፤ ወደ መሬት ሰርጎ በምንጭ መልክ በበጋም ይወጣል። ደኑ ሲመነጠር ያው ዝናብ በአንድ ጊዜ በጎርፍ ይወርዳል፤ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። ያ አፈር የሚቆመው ውሃው በሚቆምበት ቦታ፣ በግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የመያዝ አቅሙን ክፉኛ ያጣው በደለል መሆኑ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በኦሞ-ጊቤ ያ እንዳይደገም የሚደረገው ሥራ የሚጀምረው ከግድቡ ሳይሆን ከማንኪራ መሰል ደኖች ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ በታች በሐይቁ ዳር ከሚሰበሰበው የመዝናኛ ገቢ ወደ ላይ፣ ደኑን ለሚጠብቀው ማኅበረሰብ የሚደርስ ድርሻ መኖር አለበት የሚለው ሐሳብ ተገቢ ሆኖ ይታያል። እስካሁን የሚበዛው ትኩረትና የሚበዛው መዋዕለ ንዋይ ወደ ሐይቁ ዳር አዘንብሏል።

የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ

በተፋሰሱ ውስጥ ለመዝናኛ የሚጎበኙት ዋና ዋና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በጅማ ዞን በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ 1 ግድብ ሐይቅ ነው። ማመንጫው 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሐይቁ ከአምሳ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋና ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማና ቦንጋ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ስለሚያገኘው አረፍ ብሎ ዓሣ የሚበላበት ሆኗል።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ነው። ግድቡ ከ240 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ የማመንጨት አቅሙ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ሐይቁ ወደ 15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ይይዛል። ሐይቁ ገደላማውን የኦሞ ሸለቆ ተከትሎ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ጠባብና ረጅም ነው። በዳውሮ ዞን በኩል በዳርቻው ላይ የተገነባው የሀላላ ኬላ ሪዞርት ስሙን ያገኘው የዳውሮው ንጉሥ ሀላላ ካሠራቸው የድንጋይ ካቦች ነው። ሪዞርቱ በ2012 ዓ.ም መጨረሻ ይፋ ከተደረገው “ገበታ ለሀገር” መርሐ ግብር የኮይሻ ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው። ከሐይቁ በስተምዕራብ በዳውሮና በኮንታ መካከል በ1997 ዓ.ም የተቋቋመው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ በዝሆንና በጎሽ ይታወቃል። ከጊቤ 3 በታች በግንባታ ላይ ያለው የኮይሻ ግድብ ሲጠናቀቅ ሌላ ሰፊ ሐይቅ ይፈጠራል።

እነዚህ ሐይቆች ከጣና፣ ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ የሚለዩበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻ በአመዛኙ በቦታው የሚቆይ ነው። የግድብ ሐይቅ ዳርቻ ግን ይንቀሳቀሳል። ውሃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ኃይል ለማመንጨት ሲለቀቅ ይወርዳል፤ እንደ ጊቤ 3 ባለ ጥልቅ ሐይቅ በሙሉና በዝቅተኛ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። በኅዳር ጀልባ የቆመበት ሥፍራ በሚያዝያ ጭቃና ገደል ሊሆን ይችላል። ከውሃ የወጣ አዲስ ደለል ከላይ ደርቆ ውስጡ ልል ስለሚሆን ሰውንም ከብትንም ይውጣል። ውሃው ሲወርድ በሐይቁ ሥር የቀሩ ግንዶችና አለቶች ወደ ላይኛው ገጽ ይቀርባሉ፤ የጀልባ ሞተርን ይሰብራሉ። ከዳርቻው ከፍ ብሎ ያለው ገደል በውሃ መውጣትና መውረድ ስለሚላላ ከሥሩ ድንኳን መትከል አደገኛ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በሚያስተዳድራቸው ግድቦች የሐይቁን ከፍታና የሚለቀቀውን የውሃ መጠን በየዕለቱ ለሕዝብ ያሳውቃል፤ ዓሣ አስጋሪውም ጀልባ ቀዛፊውም ቀኑን የሚያቅደው ያንን አይቶ ነው። በኦሞ-ጊቤም ግድቦቹን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የአካባቢ አስተዳደሮችና የመዝናኛ አገልግሎት ሰጪዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ቋሚ መንገድ እንዲጠናከር ያስፈልጋል። ጎብኚው እስከዚያው ድረስ ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት የጀልባ ባለቤቶችንና ዓሣ አስጋሪዎችን የሰሞኑን የውሃ ሁኔታ ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለሙያዎቹ እነሱ ናቸው።

ግድቡ ራሱ፣ ማስተንፈሻውና የኃይል ማመንጫው የጥበቃ ክልል ናቸው። ያለ ፈቃድ ወደዚያ መቅረብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ካሜራ የተገጠመለት ሰው አልባ በራሪ ማብረር አይቻልም። በቡድን ለትምህርታዊ ጉብኝት መሄድ የሚፈልጉ ተቋማት አስቀድመው በደብዳቤ ይጠይቃሉ።

በውሃ ላይና በውሃ ዳር ስላለው አደጋ

በጀልባ የሚሳፈር ሰው ሁሉ፣ መዋኘት የሚችልም ቢሆን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ማድረግ አለበት። ከሰዓት በኋላ በሸለቆው የሚነሣው ነፋስ በጠባብ ሐይቅ ላይ ማዕበል ስለሚያስነሣ ረጅም ጉዞ በጠዋት ማድረግ ይመረጣል። ከአቅም በላይ መጫን ዋነኛ የመስመጥ ምክንያት ነው፤ ጀልባው ከሞላ ቀጣዩን መጠበቅ እንጂ “አንድ ሰው ምን ያመጣል” ማለት አይገባም። በጊቤና በኦሞ ሸለቆ አዞና ጉማሬ ይኖራሉ። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በማይዋኝበት ሥፍራ መዋኘት፣ በምሽት ውሃ ዳር መቀመጥና ልጆችን ከዓይን ማራቅ አይገባም።

ከግድብ በታች ያለው የወንዝ ክፍል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርባይኖች ሥራ ሲጀምሩ ወይም በክረምት ትርፍ ውሃ ሲለቀቅ፣ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ የወንዙ ከፍታ በአጭር ጊዜ ይጨምራል። በወንዙ መካከል ባለ አሸዋማ ደሴት ላይ ማደር በዚህ ምክንያት ክልክል ነው ተብሎ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ምልክት የሚያቆም ሰው ባይኖርም። የኦሞ ወንዝ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ጊቤ 3 ከመሠራቱ በፊት በነሐሴ 1998 ዓ.ም በታችኛው ኦሞ ታይቷል፤ በዚያ ጎርፍ ከ3 መቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከጤና አንጻር ቆላማው የጎጀብና የጊቤ ሸለቆ ወባ የሚገኝበት ነው። በግልገል ጊቤ 1 ዙሪያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ቆይቶ የወጣ ሌላ ጥናት ግን የግድቡን ተጽዕኖ በዚያ መጠን አላገኘውም። ለአዳሪ ጎብኚ መልሱ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይዞ መሄድና ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከተሰማው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የነበረበትን ቦታ መናገር። ቀንድ አውጣ ባለበት ረጋ ያለ ጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ መቆም ለብልሃርዝያ ያጋልጣል። ወደ ዱር የሚጠጋ ቆላ የገንዲ ዝንብ ስለሚገኝበት የፈረስና የበቅሎ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች የእንስሳት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ዓሣ፣ ጀልባና እምቦጭ

በሐይቆቹ ቆሮሶና አምባዛን ጨምሮ የተለያዩ ዓሦች ይገኛሉ። ዓሣ ማስገር በቦታው በማኅበር ተደራጅተው ለሚሠሩ ወጣቶች መተዳደሪያ በመሆኑ፣ ለመዝናኛ የሚያሰግር ሰው በመንጠቆ ብቻ መጠቀም፣ መረብ አለመዘርጋትና ትንንሽ ዓሦችን መመለስ ይገባዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የፌዴራል ሕጉ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በክልሎች ስለሚወሰን ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

እምቦጭ አረም በቆቃ ሐይቅ ከታየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጣና ላይ ያደረሰው ጉዳትም ይታወቃል። አረሙ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ በጀልባ፣ በመረብና በጫኝ ተሽከርካሪ ላይ ተጣብቆ ነው። ከቆቃ፣ ከዝዋይ ወይም ከጣና የመጣ ጀልባ ወደ ኦሞ-ጊቤ ውሃ ከመግባቱ በፊት በደረቅ መሬት ላይ ታጥቦ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ተደፍቶ፣ ለቀናት ፀሐይ ላይ ሊደርቅ ይገባል። ይህ ሥራ ቢዘነጋ ውጤቱ በሺዎች ሰዎች ጉልበት እንኳ በቀላሉ አይመለስም።

በዳርቻ ላይ ለመገንባት የሚፈልጉ

ማደሪያ፣ ምግብ ቤት ወይም የጀልባ ማረፊያ ለመገንባት የሚያስብ ባለሀብት ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ በሚያገኘው ወረቀት አይበቃውም። መሬቱ በክልሉ፣ ውሃው በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የግድቡ ክልል በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ደኑና የዱር እንስሳቱ ደግሞ በየዘርፋቸው ባሉ ተቋማት ሥር ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም ከግንባታ በፊት እንጂ ከግንባታ በኋላ የሚሠራ አይደለም። ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚለቅ ወይም የከብቶችን ወደ ውሃ መውረጃ የሚዘጋ ግንባታ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የሚያጋጨው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። አርብቶ አደርም አርሶ አደርም ሐይቁ ከመኖሩ በፊት ወደ ወንዙ የሚወርድበት መንገድ ነበረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ መንገድ የተጻፈ ማስረጃ የለውም። በመሆኑም ቦታ ሲመረጥ የቀበሌው ሽማግሌዎች ባሉበት በእግር ዞሮ ማየትና የከብቶችን፣ የውሃ ቀጂዎችንና የጀልባ መሻገሪያዎችን መስመር በካርታ ላይ አስፍሮ በቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ከዚያም ቃለ ጉባኤውን ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ማቅረብ ይገባል።